ጣሳዋ በግራ በኩል

ማውን፣ ማርች 4 ቀን 2019

ለእህቴ ልጅ ለማሴጎ፣

ዝናብ በደጅሽ ይውረድ፤ ከብት በበረትሽ ይብዛ፤ የሚጠላሽ ሰው ጎማው በምድረ በዳ ይተንፍስበት። እኔ አጎትሽ ቲሮ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ከወገቤ ጋር ከተጣላን ሁለት ሳምንት ሆነን፤ አስታራቂ እየፈለግን ነው።

ፊሪ ከእናንተ ዘንድ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ የጭነት መኪናውን ጋራዤ ደጅ አቁሞ ከመለዋወጫዎቹ መሃል ደብዳቤሽን ሲያወጣ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። በዚህ ዘመን የወረቀት ደብዳቤ የሚልከው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። «ስልኬ አያስተማምንም» ብለሻል። አንቺ ነርስ፣ ባልሽ ኮቤዲ የማዕድን ማውጫ ፎርማን፣ ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ አንድ የሚያስተማምን ስልክ አጣችሁ? ይሁን፤ ለእኔ ይሻለኛል። በስልክ ስሰድብሽ ትዘጊብኛለሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሥራ ባልደረባሽን የዲኬሌዲን የመኪና መስታወት የትራፊክ መብራት ላይ ሰብረው ቦርሳዋን ወሰዱባት። አንቺም ፈርተሽ የበርበሬ ስፕሬይ ገዛሽ። ደግ አደረግሽ። የት አስቀመጥሻት? ቦርሳሽ ውስጥ! ሌባው መስታወቱን ሲያወርደው «ወንድሜ፣ አንዴ ታገሠኝ፣ ከማበጠሪያው ሥር ናት» ልትዪው ነው?

እጅሽ የማይደርስበት መሣሪያ የሌባው ነው። ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይም አታስቀምጫት፤ የእናንተ ፀሐይ አሙቆ ያፈነዳታል፣ ያኔ ራስሽን ዘርፈሽ ታለቅሻለሽ። ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ ማቀፊያ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። በሾፌሩ በር ላይ፣ በቀኝሽ፣ እጅሽን ስትጥዪ በምትነኪው ቦታ እሰሪው። ደግሞም መስታወት ዘግተሽ እንዳትረጪ። በርበሬ ዘመድ አይለይም።

ኮቤዲን ሰላም በይልኝ። የአንቺው የማይረባ አጎት፣
ቲሮ


ሩስተንበርግ፣ ማርች 19 ቀን 2019

ለአጎቴ ለቲሮ፣

ሰማይ ይጠብቅህ፤ ወገብህንም ያስታርቅህ። ካልሆነም ወገብህ ሌላ ሰው ያግባ፤ ከአንተ ጋር ስልሳ ዓመት የኖረ ነገር ማረፍ ይገባዋል።

ማቀፊያው ልክ ገባ። ስፌትህ ግን የሆስፒታል ተማሪ የሰፋው ቁስል ይመስላል። የበርበሬዋን ጣሳ ከክሊኒኩ አጥር ጥግ ሞከርኳት። ነፋሱን እንዳይ አልነገርከኝም! ተመልሶ መጣና ዘበኛችን ጋሽ ሌፉ ላይ ወረደ። ሽማግሌው እያለቀሰ «ማንን ነው የቀበርነው?» ይላል። ተሰልፈው ከነበሩት ሕመምተኞች ሦስቱ ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ኮቤዲ ደህና ነው። እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ፊት ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል። የእሱን መኪና ሸጠው። «ለሁለት ሰው አንድ መኪና ይበቃል» አለ። አሁን ከሥራ ሲወጣ ክሊኒኩ ደጅ ይጠብቀኛል፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። ጣሳዋን አይቶ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ስንት ነገር ትፈሪያለሽ?» አለኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ፊሪ ደብዳቤህን ለዲኬሌዲ ይስጥልኝ። ቤት አያምጣው፤ የፖስታ ሳጥናችን ተሰብሯል።

ልጅህ ማሴጎ


ማውን፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2019

ለስፌት ተቺዋ፣

ጤና እንደ ወንዝ ይሙላሽ። ጋሽ ሌፉን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ሲመቸኝ መጥቼ አብሬው አለቅሳለሁ።

እዚህ ወሬ ሞልቷል። አንድ ጀርመናዊ የተከራየውን መኪና ዝሆን ተቀመጠበት። ሰውየው ጋራዤ መጥቶ «ይጠገናል?» ይለኛል። «ዝሆኑ ወይስ መኪናው?» አልኩት። አልሳቀም። የሳቀው አስተርጓሚው ነው፣ እሱንም አባረረው።

ኮቤዲ መኪና መሸጡ ገርሞኛል። ባለፈው ዓመት ያን መኪና ከእናቱ አስበልጦ ያጥበው ነበር። ደግሞም ክሊኒክሽ ከቤትሽ ሃያ ደቂቃ ነው፤ አንቺን ለማጀብ የሚጠብቅ ሰው ወይ በጣም ይወዳል ወይ በጣም ሥራ ፈቷል። የፖስታ ሳጥኑም የተሰበረው ምኑ እንደሆነ ጻፊልኝና የሚሆነውን ዕቃ ልላክልሽ። ሳጥን መጠገን ለእኔ ጨዋታ ነው።

ቶሎ ጻፊ። ፊሪ ባዶ እጁን ሲመጣ ፊቱን ማየት ያስጠላኛል፤ ደብዳቤ ይዞ እንኳ አያምርም።

ቲሮ


ሩስተንበርግ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2019

ለአጎቴ፣

እንደምን ከረምክ? ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት።

ስለ ሳጥኑ ተወው። ሌላ ማቀፊያ ሥራልኝ። በሩ ላይ የሚታሰር አይደለም። በወንበሬና በእጅ ፍሬኑ መካከል የሚገባ፣ ጠባብ፣ ጥቁር፣ ጉድጓድ ስናልፍ የማይንኳኳ። ግራ እጄ ሳላይ የሚያገኘው ይሁን። ከጎን የተቀመጠ ሰው እንዳያየው።

ለፊሪ ሻይ አፍልተህ ስጠው። ደህና ሁን።

ማሴጎ


ማውን፣ ሜይ 6 ቀን 2019

ለማሴጎ፣

እናትሽ በሕይወት ብትኖር የምትመርቅሽን ምርቃት ሁሉ እኔ ልመርቅሽ። እሷ ስትሞት እጄን ይዛ የሰጠችኝ አንድ ነገር አንቺን ነው።

ማቀፊያውን ሠርቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ከውስጥ የብርድ ልብስ ቁራጭ ለጥፌበታለሁ፤ አይንኳኳም። ስሠራው ግን እጄ ሦስት ጊዜ ቆመ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። መኪና ግን አርባ ዓመት አንብቤያለሁ። መሪሽ በቀኝ ነው። መስታወትሽ በቀኝ ነው። የመንገድ ሌባ የሚመጣው በቀኝሽ ነው። በግራሽ የሚቀመጠው ማነው? በመኪናሽ በግራ በኩል የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የጻፍሽልኝ።

ካላሰኘሽ አትመልሺልኝ። ይህን ግን ሁለት ጊዜ አንብቢ። መኪና ሲሄድ አትርጪ። አቁሚ፣ ቁልፉን ንቀዪና ያዢው፣ በርሽን ክፈቺ፣ አንድ እግርሽን መሬት አስረግጪ፣ ትንፋሽሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ ነው። ከረጨሽም በኋላ ቆመሽ አትመልከቺ። ሩጪ።

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

አጎትሽ


ሩስተንበርግ፣ ጁን 3 ቀን 2019

ለአጎቴ፣

አንተን እግዜር በጤና ያቆይልኝ። አራት ሳምንት ሙሉ አልመልስም ብዬ ነበር።

ከቀኝ የሚመጣ ሰው መስታወት መስበር አለበት። ከግራ ለሚገባው ግን በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።

መትቶኝ አያውቅም። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ፤ ላመለክት ሄጄ ለፖሊስም ያልኩት ይኼንኑ ነው፤ እዚያም ላይ አበቃ። ቃሌን የመዘገበው ፖሊስ በመዘምራኑ ውስጥ ከኮቤዲ ጎን ነው የሚቆመው። ኮቤዲ መኪናው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የኪሎሜትር መቁጠሪያውን ያያል። ከዚያ ስልኬን ይቀበለኛል፣ ያነባል፣ ይመልስልኛል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል። ቀጥሎ አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣና ፍጥነት ስጨምር ቀኝ እጁን ዘርግቶ መሪውን ይይዛል። የጭነት መኪና ከፊት ሲመጣ ጠብቆ ነው የሚይዘው። «ልልቀቀው ወይስ ላዙረው?» ይለኛል። ይስቅና ይለቀዋል። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ መዝሙር ያዜማል። ድምፁ እንዴት እንደሚያምር ታውቃለህ።

በፊት በሳምንት አንድ ቀን ነበር። አሁን በየቀኑ ነው።

የነርስነት ምስክር ወረቀቴንና ፓስፖርቴን በፊሪ እጅ ልኬልሃለሁ። ያዝልኝ። እስካስብ ድረስ ለማንም አትናገር።

ማሴጎ


ማውን፣ ጁን 10 ቀን 2019

ለልጄ ለማሴጎ፣

የአባቶችሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተል።

ወረቀቶችሽ ደርሰውኛል። የብረት ሳጥኔ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን መፍቻ መያዝ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሴን «አንተ ሽማግሌ፣ የእናት ወንድም የሚባለው ለምን ቀን ነው?» አልኩት።

ለማንም አትናገር ብለሻል። ሽማግሌ ግን «ማንም» አይባልም። ስትዳሪ እኔና የኮቤዲ አጎት ሽማግሌው ሞትሱሚ ነን ፊት ለፊት ተቀምጠን ቃል የተሰጣጠን። ትዳር ሲታመም የእናት ወንድም ዘሎ በሰው ደጅ አይገባም። መልእክት ይልካል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ከቆረጠውም ቀን ቀድሞ አይደርስም። እኔም እንደ ወጉ አደረግሁ። «ልጃችን በገዛ መኪናዋ ውስጥ ፈርታለች፤ ግራ እጇን ከማቀፊያ ላይ አታነሣም፤ ቅዳሜ ጁን 29 ቀን መጥቼ በፊታችሁ እጠይቃለሁ» ብዬ ለሞትሱሚ ላክሁ። ሽማግሌው «መልእክትህ ደርሶናል፣ በክብር እንጠብቅሃለን» ብሎ መልሷል።

እንግዲህ አይዞሽ። ነገሩ ከእኔና ከአንቺ እጅ ወጥቶ ትልቅ ሰው እጅ ገብቷል።

አጎትሽ ቲሮ


ሩስተንበርግ፣ ጁን 18 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ቲሮ ማሩፒንግ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔና ባለቤቴ ኮቤዲ ፍጹም ደህና ነን።

ባለፈው የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ድካም ላይ ሆኜ የጻፍኩት ነው። በክሊኒኩ ሥራ በዝቶብኝ ስለ ነበር ያልሆነውን ሆነ ብያለሁ። ሽማግሌውን ሞትሱሚን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከእንግዲህ መኪናውን ኮቤዲ ነው የሚነዳው፤ ጠዋት ያደርሰኛል፣ በአሥር ሰዓት ይመልሰኛል። እኔ በግራ በኩል እቀመጣለሁ። ጣሳዋም አሁን እሱ ዘንድ ናት፣ በሾፌሩ በር ላይ፣ እርስዎ መጀመሪያ በሠሩት ማቀፊያ ውስጥ። ማቀፊያውን በጣም አድንቆታል።

ከእንግዲህ ደብዳቤ ለዲኬሌዲ አይስጡ። በቀጥታ ወደ ቤት ይላኩ። የፖስታ ሳጥኑ ተጠግኗል።

ቅዳሜ ባይደክሙ ይሻላል።

አክባሪዎ ማሴጎ


ማውን፣ ጁን 24 ቀን 2019

ለማሴጎና ለውድ አማቻችን ለኮቤዲ፣

ሰላምና ዝናብ ለቤታችሁ ይሁን! ደብዳቤው ሲደርሰኝ እንዴት እንደተደሰትኩ ልነግራችሁ አልችልም። አየሽ ማሴጎ፣ እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ሲደክማት አይጧ ዝሆን ትሆንባታለች። ኮቤዲ ልጄ፣ አንተ ይቅር በለን። ታጋሽ ሰው ነህ።

ቅዳሜ አልመጣም። አንደኛ ወገቤ፣ ሁለተኛ ዝሆን የተቀመጠበት መኪና እስካሁን አልተነሣም። ለሽማግሌው ሞትሱሚም በኦገስት የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ፍየል ይዤ ለይቅርታ እመጣለሁ ብዬ ልኬአለሁ። ፍየሏ ከወዲሁ ጠልታኛለች።

ማቀፊያውን ስላደነቅህ አመሰግናለሁ፣ ኮቤዲ። የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው።

ወዳጃችሁ ቲሮ


ጋንዚ፣ ጁላይ 5 ቀን 2019

ለውሸታሙ አጎቴ፣

እድሜ ይስጥህ፤ ለእኔ ስትል የዋሸኸውን ሁሉ ፈጣሪ በሌላ ሰው ስም ይጻፍልህ።

ያቺን ሐሙስ፣ ጁን 27ን፣ ልጻፋት፤ ሌሊት ሌሊት ያልሆነች እየመሰለችኝ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ዲኬሌዲ ተራ ትጠራለች። አንድ ሽማግሌ የፊሪን ቱታ ለብሶ፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው አውርዶ፣ ወገቡን ይዞ ገባ።

«አባቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎ?» አለችህ።

«ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ የእህቴን ልጅ» አልካት።

ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። «አንተ! ኦገስት ነው ያልከው!» አልኩህ።

«ዋሸሁ። ነጠላ ጫማሽን ቀይሪና በኋላ በር ውጪ።»

«ቦርሳዬ ቤት ነው፣ ልብሴ…»

«ቦርሳሽን ያግባው! ውጪ አልኩሽ!»

ዲኬሌዲ አላለቀሰችም። መድኃኒት እንደምታድል ሁሉ እጄን ጨብጣ ለቀቀችኝና «ቀጣይ!» ብላ ጮኸች። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ መጮኽ ጀመረ ብላ በፊሪ በኩል ልካልኛለች። አርባ አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም አለ። ኮቤዲ ክሊኒኩ ደጅ ቆሞ ሰውን ሁሉ በትህትና ጠየቀ፣ የጋሽ ሌፉን ጤና ሳይቀር፤ ከዚያ ብቻውን ነድቶ ሄደ።

ድንበሩ ላይ ፓስፖርቴን ከአንገትህ ቁልፍ ጋር ስታወጣው ሁለት ጊዜ ጣልከው። አይቼሃለሁ። «ብርዱ ነው» አልከኝ።

የወዳጅህ ሚስት ማ-ቢና እንደ ልጇ ይዛኛለች። ገለል ያለ የከብት እርሻ ነው፤ አስፋልቱ ከሩቅ ይታያል። መኪና ባለፈ ቁጥር ግራ እጄ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ወንበር ላይ ብሆን፣ አልጋ ላይ ብሆን። ማ-ቢና አይታኝ «ምን ጠፋብሽ?» ትለኛለች።

ፊሪ ሲያልፍ እዚህ ጋንዚ ከተማ ነዳጅ ይቀዳል፤ ደብዳቤ ላክልኝ። ከሩስተንበርግ ምን ተሰማ?

ማሴጎ


ማውን፣ ጁላይ 15 ቀን 2019

ለልጄ፣

ፈጣሪ ይሸፍንሽ። ዛሬ ምርቃቴ አጭር ነው፣ ፊሪ ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ወደ አንቺ የሚመለስበት ቀን አልነበረም፤ ለምኜ ነው።

ኮቤዲ በፊሪ እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። ፊሪ እንደሚለው መናኸሪያው ውስጥ አግኝቶት ሻይ ጋበዘው፣ ከጎኑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዝናብ አወራው።

«ስለ እሷ ምን ጠየቀህ?» አልኩት።

«ምንም። በልጄ ሞት እምላለሁ፣ ስሟን አላነሣም። የኪሎሜትር መቁጠሪያዬን አየና 'ብዙ ትሄዳለህ' አለኝ። ክሩስኮቱ ላይ የተቀመጡትን የነዳጅ ደረሰኞች አነሣ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጣቸው።»

ደብዳቤውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ለተከበሩ አጎታችን። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ባለቤቴን በእንግድነት ስለተቀበሏት አመሰግናለሁ። ሚስት ስትኮርፍ ባል መልእክት ልኮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ሽማግሌ አስከትሎ መሄዱ ወጋችን ነው። እኔም ቅዳሜ ጁላይ 27 ቀን ከሽማግሌው ሞትሱሚ ጋር መጥቼ ልወስዳት አስቤአለሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በዚህ ወር የጋንዚ ብርድ አጥንት ይገባል ይባላል። ወፍራም ልብስ ሳትይዝ ነው የሄደችው። ሹራቧን ይዤላት እመጣለሁ። አክባሪዎ ኮቤዲ።»

ማሴጎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ወጉን ጠብቄ አጋለጥኩሽ፤ ቀጥሎ ወጉን ሰብሬ አወጣሁሽ። ቀን ቆርጦ፣ ቃል ልኮ፣ ከቀኑ ቀድሞ መድረስ ይቻላል ብሎ ለዚያ ሰው ያሳየው ማነው? እኔ ነኝ። እሱ የጻፈው ቅዳሜ 27 ነው። ዛሬ ሰኞ 15 ነው። ደብዳቤውን ለፊሪ የሰጠው ደግሞ ባለፈው ዓርብ ነው።

ምስክር ወረቀትሽ ከዚህ ጋር አለ። ለአውቶቡስና ለጥቂት ቀን የሚሆንሽን ገንዘብም ከውስጡ ታገኛለሽ። በፊሪ መኪና አትሂጂ፤ ፊሪ ታማኝ ነው፣ መኪናው ግን ታውቋል። ማ-ቢናን ሳሚያት፤ ወዴት እንደምትሄጂ ግን አትንገሪያት። እኔ እዚህ ጋራዤን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ሲመጣ ሻይ አፈላለታለሁ፣ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ስለ ዝሆኑ እነግረዋለሁ፤ ቀኑ እስኪመሽ አወራዋለሁ። ወሬ አያልቅብኝም፣ ታውቂኛለሽ።

ከደረስሽበት ለማንም አትጻፊ። ለእኔም አትጻፊልኝ፣ ልጄ። የማላውቀውን ከእኔ የሚያወጣ ሰው የለም።

ቲሮ